የቮልሷ መብራትና የሰፈራችን ሊቃውንት

የአሮጌ መኪና ሞተር ሲታመም ሕመሙን አይሸሽግም፤ ዘይት የሚበላ እንደሆነ ጭሱ ከኋላ ይመሰክራል፣ ቫልቩ የላላ እንደሆነ ያንኳኳል፣ ነዳጅ ያጠረው እንደሆነ እየሳለ ይቆማል፤ ስለዚህም ጥቂት ጆሮ ያለው ሰው ክዳኑን ከፍቶ አፍታ ቢያዳምጥ የበሽታውን ስፍራ በጣቱ ሊጠቁም ይችላል። መብራቱ ግን እንዲህ ያለ ቅን ፍጥረት አይደለም። ከፊት የታመመ ሲመስል ደዌው ከኋላ ይገኛል፤ በግራ ሲጨነቅ ያየነው መነሻው ከመቀመጫ ሥር ይሆናል፤ ደግሞም ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ ሳለ በቀትር ብርሃን ጤነኛ መስሎ ይውልና፣ ባለሙያው ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ፣ ፀሐይም ከጠለቀች፣ ዝናብም ማካፋት ከጀመረ በኋላ አመሉ ይነሣበታል። ብዙ ሐሰተኞችን አይቻለሁ፤ እንደ አሮጌ መኪና አምፖል ትሕትና በተመላበት ጸባይ የሚዋሽ ግን አላጋጠመኝም።

እኔ ያለችኝ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን ናት፤ አጎቴ በሕይወት ሳለ ከባለቤቱ ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከባለቤቱ አስቀድሞ፣ ሲያከብራት ኖሮ በውርስ ለእኔ የደረሰች። መልኳን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ትርፍ ነገር ነው፤ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት የሆነ ናት፤ ከዚህም የተነሣ መንገድ ላይ ስቆም ሊረዳኝ እየሮጠ የመጣ ደግ ወጣት የፊት ክዳኗን ከፍቶ ትርፍ ጎማዋን በተመስጦ ሲመረምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የዓይነቷ መጨረሻ በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከሚባለው ከተማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ እኅቶች ተወልደውላታል፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት የከተማችንን ዳገት ዛሬም ሲወጡ ይታያሉ። የእኔይቱን ከብዙዎቹ የሚለያት ባትሪዋ ነው። ፋብሪካው ከ1967 ሞዴል አንሥቶ አብዛኞቹን ወደ 12 ቮልት ሲያሻግራቸው፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት ግን እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት በሚሰጥ ባለ ሦስት ክፍል ባትሪ፣ ይኸውም በ6 ቮልት፣ ዕድሜያቸውን እንዲገፉ ተፈርዶባቸዋል።

ይህ ፍርድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው ሶማሌ ተራ ወርዶ አምፖል የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። «አባባ፣ የሞተር ሳይክል ነው የሚፈልጉት?» አለኝ ሻጩ፣ ከላይ እስከ ታች ከተመለከተኝ በኋላ። «የመኪና ነው ልጄ» ብለው፣ «የመኪና ከሆነማ 12 ነው» ብሎ በርኅራኄ አረመኝ፤ ከመኪናዋ ጋር ላስታርቀው ብሞክርም ዋጋ ቀንሶ 12 ቮልቱን ሊሰጠኝ ወደደ እንጂ 6 የሚባል ቁጥር በዓለም መኖሩን አላመነልኝም። ባለ 12 ቮልት አምፖል በ6 ቮልት ላይ ቢሰካ በእርግጥ አይቃጠልም፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ቀላ ትልና በዚያው ትቀራለች። ባለ 6 ቮልቱ በ12 ላይ የተሰካ እንደሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ደምቆ ወዲያው ይሞታል። እኔም ለሁለቱም ሞት ስላልተመኘሁ ባዶ እጄን ተመለስሁ።

የኤሌክትሪክን ምሥጢር ያልመረመረ ሰው 6 ቮልት ከ12 ቮልት የሚያንሰው በግማሽ ብቻ ነው ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይከፋል። 45 ዋት የሆነ የፊት አምፖል በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ሲበቃው በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይፈልጋል። ጀርመናዊው መምህር ጌዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት ደግሞ በመንገድ የሚባክነው ቮልት የሚያልፈው አምፔር በመንገዱ ተቃውሞ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ እንግዲህ በአንድ ማያያዣ ላይ የተቀመጠች ዝገት የአንድ ኦም ዐሥረኛ ያህል ብትቃወም፣ ባለ 12 ቮልቷን መኪና የምትቀማት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ስለሆነ ማንም አያስተውላትም፤ ከእኔይቱ ግን ሦስት ሩብ ቮልት፣ ማለት ከመቶ 12 ከግማሽ፣ ትወስዳለች። በዚህም ላይ የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል የሚወርድ አይደለም፤ ቮልቱ ከመቶ 10 ሲጎድል ብርሃኑ ከመቶ 30 ያህል ይጎድላልና፣ ያች ዓይን የማያያት ዝገት የመብራቴን ሲሶ በልታ ታድራለች። መኖሪያዋም ብዙ ነው። ረጅሙን መብራት ከአጭሩ የሚለዋውጠው ቁልፍ በእኔይቱ ላይ ከፍሪሲዮኑ በስተግራ ወለሉ ላይ ተተክሎ በእግር የሚረገጥ ነውና፣ ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ የጫማዬን ጭቃ እየጠጣ ይከርማል፤ ከዚያ በኋላ አጭሩን እምቢ ብሎ ረጅሙን ብቻ ቢያበራ፣ ፊት ለፊት የሚመጣውም ሾፌር ስለ ወላጆቼ ቢናገር የሚያስገርም ነገር አይደለም።

የሆነው ሆኖ ለዚህ ጽሕፈት ምክንያት የሆነው ዝገት ሳይሆን ቀለም ነው። የእኅቴ ልጅ ልታገባ በተቃረበች ጊዜ፣ ሙሽሮቹ በተከራየ መኪና ፈንታ «በቮልሷ እንሄዳለን» ብለው ስላስጨነቁኝ፣ መኪናይቱ ለአንድ ባቲላሜራ ተሰጠች። ባለሙያው አራቱንም ፓራፋንጎ ፈትቶ፣ የተጎዳውን አቃንቶ፣ እስቱኮ ሞልቶ፣ ፍቆና ለስልሶ፣ ከዚያም የወተት ቀለም ደራርቦ ቀባና መልሶ አሰራቸው፤ ሥራውም እውነት ለመናገር እጅግ ያማረ ነበር። ሠርጉ በቀን ስለ ነበረ ማንም መብራት አልጠየቃትም። ማታ ስመለስ ግን አንድ ወጣት የትራፊክ ፖሊስ በአክብሮት ወደ መስኮቱ ቀርቦ፣ «አባቴ፣ ወዴት ሊታጠፉ ነው?» አለኝ። «ወደ ግራ ነው ልጄ፤ ፍሬቻ አሳይቼ የለም?» ብለው፣ «ግራው ብልጭ ይላል፤ ከግራው ጋር አብሮ የቀኙ የፍሬን መብራት ብልጭ ይላል። ፍሬን ሲይዙ ደግሞ የግራው ፍሬቻ ከፊትም ከኋላም ይቀላል። የጠየቅሁዎ ለዚህ ነው» አለ። ይህ ልጅ የሰጠኝ ምርመራ ከዚያ በኋላ ከሰማሁት ሁሉ የተሻለ እንደ ነበረ ያወቅሁት ቆይቶ ነው፤ ለጊዜው ግን «ያሠሩት» ብሎ ስላሰናበተኝ አመስግኜ ሄድሁ።

በማግሥቱ መኪናይቱን ከግቢው ደጃፍ ባቆምኋት ጊዜ የሰፈሩ ጉባኤ ሳይጠራ ተሰበሰበ። በአገራችን የቆመ አሮጌ መኪና ባለበት ስፍራ ሁሉ ሊቃውንት ከየት እንደሚመጡ እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም፤ ክዳኑ የተከፈተ እንደሆነ ግን የሩቅ ጎረቤት እንኳ የምሳውን ነገር ትቶ ይመጣል። ጡረታ የወጡት የባንክ ጸሐፊ «ባትሪው ነው» አሉ። ላዳ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን «ባትሪ ቢሆንማ ሁሉም ይደክም ነበር፤ ዲናሞው ነው እንጂ» አለ። ባለ ሱቁ ፊውዝ መሆኑን ሳይጠራጠር፣ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ይዞ ሊጠቀልልልኝ ተነሣ። ኢንጂነሪንግ የሚማረው ልጅ ደግሞ የኋላው አምፖል ሁለት ሽቦ በውስጡ እንዳለው፣ አንዱ ደከም ያለው ለማታ፣ ሁለተኛው ብርቱው ለፍሬን እንደሆነ፣ ተገልብጦ የገባ እንደሆነ ሥራቸው እንደሚቀያየር አብራራ፤ ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን የአምፖሉ ሁለት ጆሮዎች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ የተሠራው እንዲያ እንዳይሆን ስለሆነ፣ አሮጌ ጎድጓዳ ላይ በጉልበት ካልተገፋ በቀር አይገለበጥም። አንዲት እናትም ከአጥሩ ማዶ ሆነው ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ያማረች መኪና ሰው ዓይን ውስጥ መግባቷን አስታወሱን።

ይህን ሁሉ በዝምታ ሲሰሙ የቆዩት መሪጌታ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ቤት የፈጁ፣ መኪና ነድተው የማያውቁ፣ ለመንዳትም ያልተመኙ ሽማግሌ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ልጆቼ፣ አንድም ባትሪ፣ አንድም ዲናሞ፣ አንድም ፊውዝ ትላላችሁ፤ መልካም ነው። ግን ንባቡን ማን አነበበው?» አሉ። ዝም አልን። «ንባብ ሳይቀና ትርጓሜ የሚጀምር ተማሪ በእኛ ዘንድ ወደ ታች ይወርዳል» አሉና ዱካ አስመጥተው ከመኪናይቱ በስተኋላ ተቀመጡ፤ ኢንጂነሩን ልጅ ብዕርና ወረቀት አስያዙት፤ እኔን ወደ መሪው ላኩኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ጋራዥ ያለው ሰው ሁሉ ቢያየው በወደድሁ ነበር። «ሁሉን አጥፋ» አሉ፤ አጠፋሁ። «ፍሬኑን ብቻ ርገጥ።» ረገጥሁ። «ቀኙ በርቷል፤ ግራው ፈዝዟል፤ ከግራው በላይ ያለው ፍሬቻ ቀልቷል፤ ጻፍ» አሉ ለልጁ፤ አንዱንም ወደ ፊት ልከው ከፊት ያለው የግራ ፍሬቻ አብሮ መቅላቱን አስመረመሩ። «ልቀቅ። የማታውን ብቻ አብራ።» እንዲህ እያሉ ግራውን ለብቻው፣ ቀኙን ለብቻው፣ የማታውን ከፍሬኑ ጋር፣ የማታውን ከፍሬቻው ጋር፣ አንዱን ሳያስቀሩ አሳለፉኝ። ወረቀቱ ሲሞላ ባትሪውም፣ ዲናሞውም፣ ፊውዙም ክሳቸው ተነሣላቸው፤ ምክንያቱም በቀኝ በኩል ሁሉ ነገር ደኅና ነው፣ ከፊትም ሁሉ ነገር ደኅና ነው፤ የሚያብደው ከግራ ኋላ ያለው ነገር በተነካ ቁጥር ብቻ ነው። መሪጌታው ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝና፣ «ይህን ለሚያውቅ ሰው አሳየው፤ የእኔ ድርሻ እስከዚህ ነው» አሉ።

የሚያውቀው ሰው በመንደራችን ጥግ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ዲናሞና ሞተሪኖ ሲጠቀልል የሚውል ዝምተኛ ባለሙያ ነው። ወረቀቱን አንብቦ ወደ መኪናይቱ ሳይመለከት፣ «ጋሼ፣ ማሳ አጥታለች» አለኝ። እርሱ በሁለት ቃል የጨረሰውን እኔ በሰፊው ልተንትነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ በሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ አብርቶም በዚያ አይቀርም፤ ወደ ባትሪው መመለስ ግዴታው ነው። ለመሄጃው ለየአምፖሉ ለየብቻው ሽቦ ተዘርግቶለታል፤ ለመመለሻው ግን የመኪናይቱ ብረት ራሱ፣ ባለሙያዎቹ «ማሳ» የሚሉት፣ የሁሉ የጋራ መንገድ ነው፤ የመዳቡም ወጪ በግማሽ ገደማ የሚድነው በዚህ ነው። ካዲላክ የኤሌክትሪክ መብራትና ማስነሻ በአንድነት የተገጠመለትን የ1912 ሞዴሉን ከማውጣቱ በፊት፣ በአሴቲሊን ጋዝ የሚነድደው የመኪና ማኅቶት ሲጠፋ ለብቻው ይጠፋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አምፖሎች በመመለሻቸው ተዛምደዋልና የአንዱ ችግር ለሌላው ይተርፋል። የጋራው መንገድ በአንድ ስፍራ የተዘጋ እንደሆነ ኤሌክትሪኩ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። በእኔይቱም የሆነው ይኸው ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ በፍሬኑ አምፖል ያለፈው ኃይል ወደ ብረቱ መውረጃ ሲያጣ፣ በአንድ መቀመጫ አብሮት ወደ ተተከለው የፍሬቻ አምፖል ይሻገራል፤ በፍሬቻውም ሽቦ ወደ ኋላ ተጉዞ ከፊት ያለውን የግራ ፍሬቻ አልፎ በዚያ ወደ ጤነኛው ብረት ይወርዳል። 6 ቮልቱን ሦስት አምፖሎች ሁለት ሁለት እየተካፈሉት ስለሆነ አንዱም በወጉ አይበራም፤ ሦስቱም ቀላ ብለው ይቀራሉ። ግራ ፍሬቻ በበራ ጊዜ የቀኙ የፍሬን መብራት አብሮ የሚጠቅሰውም በዚያው መንገድ፣ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ስለሚሻገር ነው።

ባለሙያው ይህን ለማረጋገጥ የኋላውን መቀመጫ አነሣ፤ የዚህች መኪና ባትሪ ከመቀመጫው ሥር በስተቀኝ ነውና። (እግረ መንገዴን ልናገር፤ ባትሪው ክዳን ከሌለው፣ ከበድ ያለ እንግዳ በላዩ በተቀመጠ ጊዜ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ሁለት ራሶች ሊያገናኝና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ክዳኑ የጠፋበት ሰው አክስቶቹን ከፊት ያስቀምጥ።) የሜትሩን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አሰረ፤ ቀዩን የግራው አምፖል ከተተከለበት ብረት ላይ አሳረፈ፤ እኔን ፍሬን አስረገጠኝ፤ ሜትሩንም ሳያይ፣ «ደኅና ቢሆን ዜሮ ነበር፤ አሁን ግን 4 ገደማ ይላል» አለ። አየነው፤ 4 ገደማ ይላል። ሦስት አምፖል ሁለት ሁለት ከተካፈሉ፣ ከመጀመሪያው በኋላ የሚቀረው 4 ነውና ነገሩ የልጅ ሒሳብ ነው፤ ቢሆንም መሪጌታው ሳይቀሩ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ አንድ ቁራጭ ሽቦ አወጣና አንዱን ጫፍ ከአምፖሉ መቀመጫ፣ ሌላውን ከራቁት ብረት ላይ አነካው። በዚያችው ቅጽበት ፍሬኑ ደምቆ ቀላ፣ ፍሬቻው ጠፋ፤ የሠርግ ማግሥት እብደቷ ሁሉ ለቀቃት።

እንግዲህ መንገዱን የዘጋው ምን እንደሆነ ለማየት የፓራፋንጎውን ብሎኖች መፍታት ቀረ። በዚህች መኪና አምፖሉ የተተከለው በፓራፋንጎው ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል የጎማ ማሸጊያ አለ፤ በፓራፋንጎውና በዋናው አካል መካከልም ውኃ እንዳይገባ ሌላ የጎማ ክር ተዘርግቷል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ የሚያልፍበት ብቸኛ ድልድይ ብሎኖቹ ናቸው። ብሎኖቹ ሲወጡ እያንዳንዱ ራስ ሥር፣ በእያንዳንዱም ጉድጓድ ዙሪያ፣ ያ ውብ የወተት ቀለም ያለ አንዳች ስስት ተቀብቶ ተገኘ። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ባቲላሜራውን አልወቅሰውም፤ የተጠየቀው ውበት ነው፣ የሰጠውም ውበት ነው። ባለሙያው በብርጭቆ ወረቀት የብሎኖቹን ማረፊያ እስኪያንጸባርቅ ፈግፍጎ፣ ቀለሙን ነክሶ የሚይዝ ጥርሳም ሮንዴላ አስገብቶ፣ ዝገት እንዳይመለስ ጥቂት ግራሶ ቀብቶ መልሶ አሰራቸው፤ በዚያም አልበቃውም፤ ከአምፖሉ መቀመጫ ተነሥቶ ወደ አካሉ የሚወርድ አንድ ቡናማ ሽቦ ጨመረላት።

ሽቦው ቡናማ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። በጀርመን ሥርዓት ቡናማ የማሳ ነው፤ ግራጫ የማታው፣ ቢጫ የአጭሩ፣ ነጭ የረጅሙ መብራት ነው፤ የፍሬኑም ጥቁር ላይ ቀይ መስመር አለው። ከባለሙያው በፊት በዚህች መኪና ያለፉ እጆች ግን በኪሳቸው የተገኘውን ቀለም ሁሉ ሲቀጥሉባት ስለ ኖሩ፣ ከዳሽቦርዷ ሥር ቀዩ ሽቦ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ነጩም ፕላስተር ውስጥ ገብቶ ሰማያዊ ሆኖ ይነሣል። ከአሮጌ መኪና ጥፋቶች ሁሉ ይቅርታ የሌለው ይህ ይመስለኛል፤ ዝገት የፍጥረት ሕግ ነው፤ ቀለም የፍቅር ነው፤ ሽቦን ከቀለሙ አውጥቶ መቀጠል ግን ከኋላ ለሚመጣው ሰው በሐሰት መመስከር ነው።

ባለ ሱቁ ያመጣው ብርማ ወረቀትም ሳይነገርለት አይቅር። የዚህች መኪና ፊውዝ ቀጭን የብረት ልሳን በላዩ የተጋደመበት ትንሽ ነገር ነው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ሲያልፍበት ብዙ መታገሥ ይችላል፤ ከዚያ የበለጠ እንደሆነ ግን ራሱን ቀልጦ ሽቦውን ያድናል። ብርማው ወረቀት ግን አይቀልጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚቀልጠው የሽቦው ልባስ ይሆናል፤ ሽቦውም የሚያልፈው ከነዳጅ ታንኩ አጠገብ ነው፤ የዚህች መኪና ታንክ ደግሞ ከፊት፣ ከነጂው እግር ፊት ለፊት ነው። ባለሙያው ይህን ለባለ ሱቁ በነገረው ጊዜ ሰውዬው ወረቀቱን በቀስታ ወደ ኪሱ መለሰ፤ ሲጋራውን ግን አላጠፋም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አሮጌ መኪና ያለህ እንደሆነና ቀለም ልታስቀባት ያሰብህ እንደሆነ፣ የብሎኖቹን ማረፊያ ራቁቱን እንዲተውልህ ባለሙያውን አስቀድመህ ለምነው። የተቃጠለውን 8 አምፔር ፊውዝ በ8 አምፔር ለውጥ። ዛሬ ማታም፣ መንገድ ከመውጣትህ በፊት፣ በሰፈርህ መሪጌታ ካሉ መሪጌታውን፣ ከሌሉም ልጅህን ከኋላ አቁመህ ፍሬኑን ብቻ ርገጥ፤ የሚበራውንም አስጽፍ።